ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወደ ዲግሪ፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚኖሩ አመልካቾች የመግቢያ አማራጮች ንጽጽር

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በተለቀቀ ሰሞን በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በገላንና በአቃቂ የሚኖር ቤተሰብ ከየአቅጣጫው ምክር ይጎርፍለታል። አንዱ ጎረቤት የትምህርት ሚኒስቴርን ምደባ መጠበቅ እንደሚሻል ይናገራል፤ ሌላው ልጁን ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመግቢያ ፈተና አስመዝግቧል፤ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ካሉት የንግድ ቤቶች በአንዱ የተከፈተው ኮሌጅ ደግሞ «ምዝገባ ላይ ነን» የሚል ባነር ሰቅሎ ይጠብቃል። ሁሉም የሚናገሩት ስለ ዲግሪ ነው፤ ይሁን እንጂ የመግቢያ መስፈርታቸውም፣ ወጪያቸውም፣ ተማሪው ላይ የሚጥሉት ግዴታም የተለያየ ነው።

በዚህ ሰሞን ብዙ ሰው የሚጠይቀው «በዚህ ነጥብ የት ያስገባኛል?» የሚለውን ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው እርሱ አይመስለኝም። ከመግቢያ ነጥቡ ይልቅ የተማሪውን ዕጣ የሚወስነው የሚማረውን የትምህርት ክፍል ማን፣ መቼ፣ በምን መለኪያ እንደሚመድብለት ነው። በአንዳንዱ መንገድ ተማሪው ዲፓርትመንቱን በተመዘገበበት ዕለት ያውቃል፤ በሌላው ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አንድ ዓመት ከተማረ በኋላም ሊያጣው ይችላል። ይህ ጽሑፍ አማራጮቹን በዚህ ዓይን ያያል፤ የየትኛውንም የግል ኮሌጅ ስም አንሥቶ አያወድስም፣ አይነቅፍምም።

መለኪያዎቹ

አማራጮቹ የሚታዩት በአምስት ነገሮች ነው። አንደኛው የመግቢያ መስፈርቱ ሲሆን ነጥቡንም፣ ተጨማሪ ፈተና መኖር አለመኖሩንም ይጨምራል። ሁለተኛው ከላይ የተነሣው የዲፓርትመንት አመዳደብ ነው። ሦስተኛው ሙሉ ወጪ ነው፤ ሙሉ ሲባል የትምህርት ክፍያ ብቻ ሳይሆን ትራንስፖርት፣ ምግብና ማደሪያም ይታሰባሉ። አራተኛው የተቋሙና የፕሮግራሙ እውቅና ነው፤ ከመውጫ ፈተናው፣ ማለትም ዲግሪ ለማግኘት በትምህርቱ መጨረሻ ከሚወሰደው ፈተና፣ ጋር ተያይዞ ይታያል። አምስተኛው፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳው፣ ነገሩ ባይሳካ ተማሪው ወዴት ይመለሳል የሚለው ነው።

ስለ ነጥቡ ሁሉንም አማራጮች የሚመለከተውን አስቀድሞ መናገር ይቀላል። ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረና የማለፊያ ነጥቡም 50 በመቶ ከሆነ ወዲህ የሚያልፈው ተማሪ ቁጥር እጅግ ቀንሷል። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ከመቶ 3.3፣ የ2015ቶቹ 3.2፣ የ2016ቶቹ 5.4፣ የ2017ቶቹ ደግሞ 8.4 ያህሉ ብቻ ናቸው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት። በአሁኑ አሠራር ከ600 ውስጥ 300 ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ ስለ ምርጫ ሲነጋገር ከሁለት የተለያዩ ወለሎች በአንዱ ላይ ቆሟል፤ 300 ያመጣ ተማሪ ያለው ቤተሰብ የሚመርጠው ብዙ ነው፣ ከዚያ በታች ያመጣ ልጅ ያለው ግን በሪሚዲያል (በማካካሻ ትምህርት)፣ በቴክኒክና ሙያ ወይም ፈተናውን በድጋሚ በመውሰድ መካከል ነው የሚያማርጠው። የግል ኮሌጅ ዝቅ ባለ ነጥብ ለዲግሪ ይቀበላል የሚለው አባባል የድሮ ወሬ ነው፤ መስፈርቱ የመንግሥቱንም የግሉንም ይገዛል።

በትምህርት ሚኒስቴር ምደባ የሚገባበት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ

ለአብዛኛው ቤተሰብ ዋናው በር አሁንም ይህ ነው። ተማሪው ዩኒቨርሲቲዎችን በቅደም ተከተል ይመርጣል፤ ሚኒስቴሩ ደግሞ በውጤት፣ በምርጫ ቅደም ተከተልና ባለው ቦታ መሠረት ይመድባል። ከባድ የጤና ችግር ያለባቸው፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ አካል ጉዳተኞችና መንትዮች በልዩ ሁኔታ የሚስተናገዱበት አሠራር አለ፤ ይሁን እንጂ ማስረጃው ምደባው ከመውጣቱ በፊት መቅረብ ስላለበት ሐኪም ቤት ለመሄድ ምደባውን የሚጠብቅ ሰው ይዘገያል።

በዳርቻው የሚኖር ቤተሰብ ስለዚህ መንገድ ሁለት ነገር አብዝቶ ይፈራል፤ ርቀቱንና የመንገዱን ሁኔታ። ምደባው ጅግጅጋ፣ አሶሳ ወይም ጋምቤላ ቢሆን ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ፍርሃቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ነገር ግን ወጪው ሲሰላ ብዙ ጊዜ ሩቁ ከቅርቡ ይረክሳል፤ ምክንያቱም ተማሪው በዶርም ያድራል፣ በካፌ ይመገባል፣ በየዕለቱ ታክሲ አይከፍልም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የወጪ መጋራት ሥርዓት መሠረት የምግብና የማደሪያው ሙሉ ወጪና ከትምህርቱ ወጪ ቢያንስ 15 በመቶው በተማሪው ስም ይመዘገባል፤ ተማሪው ግን የሚከፍለው ተመርቆ ገቢ ማግኘት ሲጀምር ነው። በመግቢያ ጊዜ የሚፈረመው የወጪ መጋራት ውል የዕዳ ሰነድ መሆኑን ግን ወላጅም ተማሪም ሊያውቁት ይገባል፤ ኦሪጅናል ዲግሪ ሲጠየቅ ይህ ዕዳ ተመልሶ ይመጣል።

አሁን ወደ ዲፓርትመንቱ ጉዳይ እንምጣ፤ የዚህ መንገድ አስቸጋሪ ክፍል እዚህ ላይ ነውና። በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ዓመት፣ ማለትም የጋራ ኮርሶች የሚወሰዱበት የመጀመሪያ ዓመት፣ ከተመለሰ ወዲህ ተማሪው የሚመደበው በተፈጥሮ ሳይንስ ወይም በማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ እንጂ ለሕክምና፣ ለሕግ ወይም ለአካውንቲንግ አይደለም። የመጀመሪያውን መንፈቅ ዓመት ወይም ሙሉውን ዓመት የጋራ ኮርሶች ከወሰደ በኋላ የፍሬሽማን ጂፒኤው (አማካይ ውጤቱ) ከመግቢያ ውጤቱ ጋር ተዳምሮ ዲፓርትመንት ይደርሰዋል፤ የየመለኪያው ክብደትም ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል። ከዚህ የሚከተለው ነገር ግልጽ ነው። ፈላጊ የሚበዛበትን ትምህርት የሚፈልግ ተማሪ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ በመግባቱ ብቻ ዕድሉ አይሰፋም፤ ከእርሱ የበለጠ ውጤት ካላቸው ብዙዎች ጋር ተወዳድሮ የማይፈልገው ዲፓርትመንት ሊደርሰው ይችላል። በአንጻሩ ብዙ ሰው ቀዳሚ ምርጫው በማያደርገው ዩኒቨርሲቲ በደረጃው ከፊት የሚሆን ተማሪ የሚፈልገውን የመያዝ ዕድሉ ሰፊ ነው። ምርጫ ሲሞላ «የት ስሙ የታወቀ ነው?» ከማለት ይልቅ «የምፈልገው ዲፓርትመንት የት የት አለ?» ብሎ መነሣት ይጠቅማል። ሁሉም ዩኒቨርሲቲ ሁሉንም ትምህርት አይሰጥምና፤ መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቹን የምርምር፣ የአፕላይድና አጠቃላይ ብሎ በተልእኮ ከለያቸው ወዲህ ይህን ማየት ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል።

በከተማዋ ምሥራቃዊ ክፍል ያለው ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ እዚህ ላይ ለብቻው ሊጠቀስ ይገባዋል። ተልእኮው መምህራንን ማፍራት ስለሆነ መምህር ለመሆን የቆረጠ ተማሪ የዲፓርትመንት ጭንቀቱ ይቀልለታል። መምህር መሆን የማይፈልግ ሰው ግን ለቅርበቱ ብሎ ብቻ ሊመርጠው አይገባም።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም. በወጣው የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ መሠረት የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ከዚያ ወዲህም የቅድመ ምረቃ ተማሪዎቹን በራሱ የመግቢያ ፈተና ይመርጣል። ስለዚህ ብሔራዊ ፈተናውን ማለፍ ለማመልከት ያበቃል እንጂ መቀመጫ አያስገኝም። ተማሪው የማመልከቻ ማስታወቂያውን መከታተል፣ በጊዜው መመዝገብና ፈተናውን መውሰድ ይኖርበታል፤ በሚኒስቴሩ ምደባ ሳይታሰብ የሚመጣ ዕድል አይደለም። ዩኒቨርሲቲው መንግሥት የሚከፍልላቸውንም በራሳቸው የሚከፍሉትንም ስለሚቀበል ተማሪው በየትኛው ሥር እንደተቀበሉት ከምዝገባ በፊት በጽሑፍ ማረጋገጥ አለበት። በሁለቱ መካከል ያለው የገንዘብ ልዩነት በአንድ ሰው ደመወዝ ለሚኖር ቤተሰብ ቀላል አይደለም።

ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከኮዬ ፈጬ ለሚነሣ ተማሪ ሁለተኛው ሒሳብ መንገዱ ነው። ስድስት ኪሎ፣ አራት ኪሎና አምስት ኪሎ ያሉት ግቢዎች በከተማዋ በሌላኛው ጫፍ ናቸው፤ ከቤት እስከ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ መሀል ከተማ፣ ከዚያ ወደ ላይ ሲባል ሁለት ሦስት ታክሲ ወይም አውቶቡስ መቀያየር የተለመደ ነው። ይህ በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው፦ የደርሶ መልስ ወጪው ለምሳሌ በቀን 80 ብር ቢሆን፣ በወር 22 የትምህርት ቀን ሲታሰብ 1,760 ብር፣ በ10 ወር 17,600 ብር፣ በአራት ዓመት 70,400 ብር ይሆናል። አንባቢ በ80ው ፈንታ የራሱን ሰፈር ትክክለኛ ታሪፍ አስገብቶ ያስላ። በዚህ ላይ በየቀኑ በመንገድ የሚጠፋው የጥናት ሰዓት አለ፤ ለእርሱ ዋጋ የሚተምንለት ቤተሰብ ብዙም አላጋጠመኝም። የአዲስ አበባ ነዋሪ ዶርም ይሰጠኛል ብሎ ከመወሰኑ በፊት የዓመቱን ደንብ ከሬጅስትራር ጠይቆ ማረጋገጥ ይገባዋል።

የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች

ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪ የሚቀበለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ግቢው ቂሊንጦ ስለሆነ ለደቡብ ምሥራቁ ዳርቻ ነዋሪ ከሁሉም የቀረበ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። እርሱና አዳማ ያለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎችን በልዩ የመግቢያ ፈተና ይመርጣሉ። የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ እዚህ በር ላይ አይቆምም።

የሚሰጡት ትምህርት በምህንድስናና በአፕላይድ ሳይንስ የተወሰነ ስለሆነ የዲፓርትመንት ዕጣው ጠባብ ክልል ውስጥ ነው የሚወጣው፤ ምህንድስና የሚፈልግ ተማሪ ወደ ኬሚካል ወይም ወደ ሲቪል ቢመደብ ቅር ሊለው ይችላል፣ ከምህንድስና ዓለም ግን አይወጣም። ይህ በመደበኛው ምደባ ከሚገጥመው ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ጥቅም ነው። ጉዳቱ ደግሞ የዚሁ ጥቅም ሌላው ገጽታ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሒሳብና ፊዚክስ እንደማይስማማው የተረዳ ወይም ሕክምና የሚመኝ ተማሪ በዚያው ግቢ የሚሻገርበት ሌላ ዘርፍ አያገኝም። የምህንድስና ትምህርቱ አምስት ዓመት መሆኑንም ቤተሰብ በወጪው ስሌት ውስጥ ያስገባው።

ግቢው በሰፈሩ ስላለ ብቻ ልጁን ወደ ምህንድስና የሚገፋ ወላጅ አለ። ቅርበት ሁለት እኩል አማራጮችን ሲለይ ጥሩ መለኪያ ነው፤ ብቻውን የሙያ ምርጫ ሲሆን ግን ዋጋው ከታክሲው ወጪ ይበልጣል።

ሪሚዲያል

ሪሚዲያል ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ 50 በመቶ ላልደረሱ፣ ነገር ግን ሚኒስቴሩ በየዓመቱ የሚያወጣውን ዝቅተኛ የመቁረጫ ነጥብ ላሟሉ ተማሪዎች የተዘጋጀ የማካካሻ ትምህርት ነው። የመቁረጫ ነጥቡ በዘርፍ፣ በጾታ፣ በክልልና በአካል ጉዳት ይለያያል፤ ከዓመት ዓመትም አንድ ሆኖ አልቆየም። ስለዚህ ያለፈውን ዓመት ነጥብ ይዞ ተስፋ ማድረግም ሆነ ተስፋ መቁረጥ አይገባም።

አሠራሩ ሲጀመር በተቋሙ የሚሰጠው ምዘና 30 በመቶ፣ ከማዕከል የሚመጣው ፈተና 70 በመቶ ይይዝ ነበር፤ ተማሪውም ወደ ፍሬሽማን ለመሻገር 50 በመቶ ማምጣት ይጠበቅበታል። ይህን ክፍፍል ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ በክፍል ውስጥ በአሳይመንትና በትንንሽ ፈተናዎች ጥሩ ውጤት ማግኘት ብቻውን አያሻግርም ማለት ነው። የሪሚዲያል ጊዜ በአራቱ ወይም በአምስቱ ዓመት ላይ የሚጨመር መሆኑም አይዘንጋ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚመደበው ተማሪ በግቢው ይማራል፤ በግል ተቋም የሚማረው ደግሞ ከኪሱ ይከፍላል፣ ሳይሻገር ቢቀር የከፈለው ገንዘብ አይመለስለትም። የአምስተኛው መለኪያ ጥያቄ እዚህ ጋ ይበረታል። ሪሚዲያል ያላለፈ ተማሪ በእጁ የሚቀር ምስክር ወረቀት የለውም፤ በዚያው ጊዜ ወደ ቴክኒክና ሙያ የገባው ጓደኛው ግን አንድ ደረጃ ጨርሶ ሊሆን ይችላል።

የግል ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ

የግል ተቋም ትልቁ ጥቅሙ ዲፓርትመንቱ በምዝገባው ዕለት የሚታወቅ መሆኑ ነው። አካውንቲንግ ሊማር የሚፈልግ ተማሪ አካውንቲንግ ይመዘገባል፤ ከቤቱ አይርቅም፤ ከሥራ ጋር ማስኬድ ቢያስፈልገውም የማታና የቅዳሜና እሑድ ክፍለ ጊዜ ያገኛል። ለዳርቻው ነዋሪ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በእውቅናው ላይ ነው። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን እውቅና የሚሰጠው ለተቋሙ ስም በጅምላ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ የትምህርት ፕሮግራም፣ ለእያንዳንዱ ካምፓስና ለእያንዳንዱ የማስተማሪያ ዘዴ ለየብቻው ነው። መሀል ከተማ ያለው ዋናው ግቢ በማኔጅመንት እውቅና ስላለው ኮዬ ፈጬ ላይ የተከፈተው ቅርንጫፉ ያው እውቅና አለው ማለት አይደለም፤ በመደበኛ የተፈቀደለትም በርቀት ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። ስለዚህ ተማሪው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት የእውቅና ደብዳቤውን አይቶ አራት ነገር ያንብብ፦ የፕሮግራሙን ስም፣ የካምፓሱን አድራሻ፣ የማስተማሪያ ዘዴውንና እውቅናው የሚያበቃበትን ቀን። ከዚያም በባለሥልጣኑ በኩል ያመሳክር። በግድግዳ ላይ በፍሬም ተሰቅሎ ለሚታይ ወረቀት ብቻ መታመን አይገባም። የምዝገባ ጊዜው ሊያልቅ ነው እየተባለ የሚጣደፍ ሰው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን ያስታውስ፤ ያለ እውቅና የተማሩት ዲግሪ ከዓመታት በኋላ ማስረጃ ሲመሳከር ውድቅ ይሆናልና።

ሁለተኛው ጉዳይ የመውጫ ፈተናው ነው። በሕግ ትምህርት ቀደም ብሎ ይሰጥ የነበረው የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በሁሉም የቅድመ ምረቃ ትምህርት፣ በመንግሥትም በግልም ተቋማት ግዴታ ሆኗል፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። ኮርሱን ሁሉ ጨርሶ ፈተናውን ያላለፈ ተማሪ ዲግሪ አይሰጠውም፤ በድጋሚ መፈተን ግን ይችላል። በመጀመሪያው ዙር ከመንግሥት ተቋማት ከተፈተኑት ከ60 በመቶ በላይ ሲያልፉ ከግል ተቋማት ያለፉት ከ20 በመቶ በታች ነበሩ። ይህ የሁሉም የግል ተቋም ጥራት ዝቅተኛ ነው ለማለት አያበቃም፤ የቀበሉት ተማሪ መነሻ ውጤትም የተለያየ ነበርና። ነገር ግን ለመራጭ የሚሆን ጥያቄ ያስገኛል፦ «በዚህ ካምፓስ፣ በዚህ ዲፓርትመንት፣ ባለፈው ዙር ስንት ተፈትነው ስንት አለፉ?» መልሱን በግልጽና በቁጥር የሚሰጥ ኮሌጅና «ተማሪዎቻችን ጎበዞች ናቸው» እያለ የሚያልፍ ኮሌጅ አንድ አይደሉም። እንደኔ ከሆነ ከሕንፃው ውበትም ከኮምፒውተሩ ብዛትም በፊት መጠየቅ ያለበት ይህ ነው።

ክፍያውን በተመለከተ አንዳንዱ በወር፣ አንዳንዱ በክሬዲት ሰዓት ያስከፍላል። በወር የሚከፈለው ትንሽ መስሎ የሚታየው ተቋም የምዝገባ፣ የላብራቶሪ፣ የድጋሚ ኮርስና የምረቃ ክፍያ ሲደመርበት ከሌላው ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ እስከ ምረቃ ያለው ጠቅላላ ድምር ተጽፎ ይጠየቅ፤ ክፍያ የሚጨምርበት ሁኔታም በውሉ ላይ ይታይ።

የርቀት ትምህርት በመሠረቱ በዚሁ ሥር የሚታይ ነው። ነጥቡም፣ እውቅናውም፣ የመውጫ ፈተናውም ያው ነው፤ የሚለየው መምህር ፊት የሚቀመጡበት ሰዓት ማነሱ ነው። ራሱን ገዝቶ ማጥናት ለሚችል ሠራተኛ ይሆናል፤ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በቀጥታ ለሚመጣ ወጣት ግን አልመክረውም።

ቴክኒክና ሙያ

ይህ ዲግሪ ባይሆንም በዚህ ንጽጽር ውስጥ መግባት ያለበት ከ300 በታች ያመጣው አብዛኛው ተማሪ እውነተኛ አማራጩ ስለሆነ ነው። ሥልጠናው በደረጃ የተከፈለ ሲሆን ሰልጣኙ ሙያውን ከመጀመሪያው ያውቀዋል፤ ትልቁን ድርሻ የሚይዘውም ተግባር ነው። በየደረጃው መጨረሻ የብቃት ምዘና፣ ብዙ ሰው ሲኦሲ የሚለው፣ ይወሰዳል። እንጦጦ፣ ተግባረ እድ፣ ጄኔራል ዊንጌትና ምሥራቅ በከተማዋ ከሚታወቁት የመንግሥት ኮሌጆች መካከል ናቸው። በአቃቂ፣ በቃሊቲና በቂሊንጦ ያሉት ፋብሪካዎች ኤሌክትሪሺያን፣ የማሽን ጥገና ባለሙያና በያጅ ስለሚፈልጉ የትብብር ሥልጠና ቦታ ከቤት ብዙ ሳይርቁ ማግኘት ይቻላል።

ከደረጃ 4 ተነሥቶ ወደ ዲግሪ የሚወስደው መንገድ መስፈርቱ በየጊዜው የሚሻሻል ስለሆነ «እዚህ ጨርሰህ በቀጥታ ዲግሪ ትገባለህ» የሚል የቃል ተስፋ ውሳኔ ሊያሰጥ አይገባም። ሙያውን ለሙያው ብሎ የመረጠ ሰው በዚህ ረገድ የሚያጣው ነገር የለም።

የዳርቻው ነዋሪ አስተዳደራዊ ወሰኑንም ያስብ። ሸገር ከተማ በ2015 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ኮዬ ፈጬ፣ ገላን፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በኦሮሚያ ክልል ሥር በአንድ ከተማ አስተዳደር ተጠቃለዋል፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሰፈር ግን አዲስ አበባ ነው። መታወቂያው የሸገር ሆኖ ትምህርቱን በአቃቂ ቃሊቲ የጨረሰ ተማሪ በየትኛው አስተዳደር ኮሌጅ፣ በየትኛው መስፈርት እንደሚስተናገድ ከምዝገባው ሳምንት በፊት ጠይቆ ማወቅ አለበት።

ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| አማራጭ | መግቢያ | ዲፓርትመንት የሚታወቀው | ዋናው ወጪ | ዋናው ሥጋት |
|---|---|---|---|---|
| የሚኒስቴር ምደባ | 50 በመቶና ከዚያ በላይ | በፍሬሽማን ውጤት | የወጪ መጋራት፣ የደርሶ መልስ ጉዞ | ርቀት፣ ያልፈለጉት ዲፓርትመንት |
| አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ | 50 በመቶና የራሱ ፈተና | ከገቡ በኋላ፣ በውድድር | ትራንስፖርት፤ በራሱ ለሚከፍል የትምህርት ክፍያ | የማመልከቻ ቀን ማለፍ፣ ረጅም መንገድ |
| ሳይንስና ቴክኖሎጂ | 50 በመቶና ልዩ ፈተና፣ ተፈጥሮ ሳይንስ ብቻ | ከገቡ በኋላ፣ በጠባብ ክልል | የወጪ መጋራት፣ አምስት ዓመት | ዘርፍ መቀየር አለመቻል |
| ሪሚዲያል | የዓመቱ መቁረጫ ነጥብ | ካለፉ በኋላ፣ እንደማንኛውም ፍሬሽማን | ጊዜ፤ በግል ተቋም ክፍያ | ሳያልፉ ባዶ እጅ መቅረት |
| የግል ተቋም | 50 በመቶ ወይም ሪሚዲያል ያለፈ | በምዝገባ ዕለት | እስከ ምረቃ ያለው ክፍያ | እውቅና፣ የመውጫ ፈተና |
| ቴክኒክና ሙያ | የዓመቱ የመግቢያ መስፈርት | በምዝገባ ዕለት | በመንግሥት ኮሌጅ አነስተኛ | ወደ ዲግሪ መሻገር ዋስትና የለውም |

ለማን የቱ ይሻላል?

ከ300 በእጅጉ የሚበልጥ ውጤት ያለውና ምህንድስና የሚፈልግ፣ በደቡብ ምሥራቁ ዳርቻ የሚኖር የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ የሳይንስና ቴክኖሎጂውን ፈተና ሳይወስድ ሊቀር አይገባም፤ ጎን ለጎንም የሚኒስቴሩን ምርጫ በጥንቃቄ ይሙላ። አንዱን ፈተና መውሰድ ሌላውን በር ይዘጋ እንደሆነ በየዓመቱ ማስታወቂያ ላይ የሚጻፍ ስለሆነ ሁለቱን አብሮ ማንበብ ያስፈልጋል። ሕክምና ወይም ሕግ የሚፈልግ ግን ትምህርቱን ከሚሰጡት ዩኒቨርሲቲዎች መካከል በፍሬሽማን ከፊት ሊቆም የሚችልበትን ይፈልግ፤ ይህ ዩኒቨርሲቲ አዲስ አበባ ላይሆን ይችላል።

ከ300 ጥቂት ያለፈና ቤተሰቡ በየወሩ ክፍያ የማይችል ተማሪ ሩቅ ምደባ ቢደርሰውም ቢቀበለው ይሻለዋል ባይ ነኝ። ምደባውን ትቶ በሰፈሩ የግል ኮሌጅ የሚመዘገብ ተማሪ በሁለተኛው ዓመት ክፍያ አቅቶት ቢያቋርጥ በመንግሥት ወጪ የሚማርበት ቦታ አይጠብቀውም። በጤና፣ በሕፃን ልጅ ወይም ወላጅ በመጦር ምክንያት ከቤት መራቅ የማይችል ሰው ግን የግሉን ተቋም መምረጡ አግባብ ነው፤ እውቅናውንና የመውጫ ፈተና ውጤቱን ካረጋገጠ ገንዘቡ ከንቱ አይሆንበትም።

ሥራ ይዞ ለመማር የሚያስብ ሰው ቀን ወደሚሠራበት ቦታ የሚቀርብ ኮሌጅ ቢመርጥ ወደ ቤቱ ከሚቀርበው ይሻለዋል፤ የማታ ትምህርት የሚጀመረው ታክሲ በሚጠፋበት ሰዓት ነውና። ለሪሚዲያል የደረሰ ተማሪ በየትኛው የትምህርት ዓይነት እንደወደቀ የውጤት ወረቀቱን ይመልከት። ጉድለቱ በአንድ በሁለት የትምህርት ዓይነት ከሆነ በጥቂት ወራት የሚካካስ ስለሆነ ይግባበት፤ ሒሳቡም እንግሊዝኛውም ሌላውም አንድ ላይ ዝቅ ያለ ከሆነ ግን ቴክኒክና ሙያን በቁም ነገር ቢያስብበት ይጠቅመዋል።

ሰነድና ቀን

የትኛውም አማራጭ ቢመረጥ የስምንተኛ ክፍል ምስክር ወረቀት፣ ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለው ትራንስክሪፕትና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ኦሪጅናሉና ኮፒው፣ እንዲሁም ጉርድ ፎቶግራፍ አስቀድሞ ይዘጋጅ። የፋይዳ መታወቂያም ብዙ ቦታ ስለሚጠየቅ ያላወጣ ተማሪ ወረፋው ሳይበዛ ያውጣ። ወደ ክልል ዩኒቨርሲቲ የሚሄድ ተማሪ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ልብስ ይዞ እንዲሄድ በጥሪው ማስታወቂያ ይነገረዋል። ኦሪጅናል ሰነድ ለኮሌጅ አስረክቦ መምጣት የሚጠየቅ ከሆነ መቀበያ ደረሰኝ ሳይዙ መውጣት አይገባም።

በመጨረሻ የስም ጉዳይ አለ። በስምንተኛ ክፍል ምስክር ወረቀት፣ በትራንስክሪፕቱና በፋይዳው ላይ ያለው ስም በአማርኛም ሆነ በላቲን ፊደል አጻጻፉ ልዩነት ካለው፣ ወይም የአያት ስም በአንዱ ላይ ኖሮ በሌላው ከጎደለ፣ ማስተካከያው ከትምህርት ቤቱና ከወረዳው የሚጀምርና ጊዜ የሚወስድ ነው። በመግቢያ ጊዜ የተመዘገበው ስም ለመውጫ ፈተናውም፣ ለዲግሪውም የሚያገለግለው ያው ስለሆነ ማመልከቻው ከመላኩ በፊት ሦስቱን ሰነዶች ጎን ለጎን አድርጎ ፊደል በፊደል ማመሳከር ያስፈልጋል።